ያልተኮላሸው ውሻ

ባለቢላው አስራ አንደኛውን ውሻ በጀርባው አንጋለለው። በግራ ጉልበቱ ደረቱን ጫን አድርጎ ያዘና ቀኝ እጁን በኋላ እግሮቹ መካከል ሰደደ። ብዙ መዳበስ አላስፈለገውም። ጣቱ ጠባሳው ላይ አረፈ፤ በቀኝ በኩል ረዘም፣ በግራ በኩል አጠር ያለ መስመር። የራሱ እጅ ሥራ ነበር።

«ይሄም የለውም» አለና ውሻውን ለቀቀው።

ውሻው ተነስቶ አቧራውን አራገፈና ሄዶ ባለቤቱ እግር ሥር ተኛ። አልጮኸም። እነዚህ ውሾች አይጮኹም።

ሐኪሟ የያዘችው ቅጽ ላይ አስራ አንደኛውን መስመር ሰረዘች። ከእንስሳት ዝርያ ቢሮ የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ጫማዋ ለዚህ ግቢ ጭቃ ያልተሠራ ሴት ናት።

«ሁሉም?» አለች።

«ሁሉም።»

«አንድም ሳይቀር?»

«ልጄ፣ የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። የራሴን እጅ አልስትም።»

ግንቡን ተደግፈው የተቀመጡት የከብት ነጂዎች ውሾቻቸውን አዩ። አስራ አንድ ሰው፣ አስራ አንድ ገመድ፣ አስራ አንድ አመድማ ውሻ። ቦታው ከከብት ገበያው ጀርባ፣ ድሮ ሚዛን የነበረበት የሲሚንቶ መድረክ ነው። ሚዛኑ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ጉድጓዱ የዝናብ ውሃ አቁሯል።

መጀመሪያ የተናገረው ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ነጂ ነው። ፉጨት ይሉታል። የፊት ጥርሶቹ ከረገፉ ወዲህ ማፏጨት ባይችልም ስሙ አልተነሳለትም።

«ዶክተር፣ እስቲ እኛንም ይፈትሹን» አለ። «ምናልባት ከመካከላችን የተረፈ ይኖር እንደሆነ።»

ሁሉም ሳቁ። ሐኪሟም ሳትወድ ሳቀች። ባለቢላው አልሳቀም። በስሙ የሚጠራው የለም፤ አርባ ዓመት ባለቢላው ሲሉት ኖረዋል። ሳቁ ሲጀመር ሰማው፣ ሲያልቅም ሰማው፤ ከዚያ እጁን በባልዲው ውሃ ታጠበ።

«አልገባኝም» አለች ሐኪሟ። «ሌላው አገር የሚኮላሸው የማይፈለገው ነው። እናንተ ግን ምርጥ ምርጡን ነው ያጠፋችሁት።»

«ምርጡ ነዋ የሚኮላሸው» አለ አንዱ ነጂ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «መንገዱ ሦስት ቀን ነው። ውሻው መሃል መንገድ ላይ ሴት ከሸተተው ከብቱን ጥሎ እብስ ይላል። ያን ጊዜ ሰባውን በሬ ማን ይሰብስበው? እኔ እየጮህኩ?»

«ታዲያ ዘር ከየት ይመጣል ብላችሁ ነው?»

ነጂው ጎረቤቱን አየ። ጎረቤቱም ወደሚቀጥለው ዞረ። እንዲህ እየተያዩ ግንቡ ጫፍ ደረሱ።

ነገሩ ቀላል ነበር። ከብቱ ከግጦሹ አገር በእግር ተነድቶ ከተማ በሚገባበት ዘመን፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ማደሪያ ነበር። የማደሪያው ሰውዬ ሁለት ያልተኮላሹ አውራዎች ያኖር ነበር። ሴቶቹን ደግሞ የሚያኖረው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የባለቢላው ቤት፣ ከእሱ በፊት የአባቱ። ነጂ ሴት ውሻ አይዝም፤ መንገድ ታበላሻለች ይላሉ። ሴቶቹ በዓመት አንዴ ማደሪያ ይወሰዳሉ፤ ቡችሎቹ ሲያድጉ ወንዶቹ ለነጂዎች ይታደላሉ፤ ዓመት ሲሞላቸውና ጥሩነታቸው ሲታወቅ ወደ ባለቢላው ይመለሳሉ። ከዚያ አስፋልቱ መጣ፤ ከብቱ በጭነት መኪና መምጣት ጀመረ። ማደሪያው ተዘጋ። ሰውዬው ልጁ ጋ ሄዶ ሞተ። አውራዎቹ የት እንደገቡ የጠየቀ የለም። ሁሉም የራሱን ውሻ ሲያስኮላሽ፣ ያልተኮላሸው ሌላው ጋ አለ ብሎ ነው።

ባለቢላውም እንደዚያው።

አሁን የቀረችው ሴት አንድ ናት። አመዴ ትባላለች፤ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የእሱ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ተኝታለች። ወንድ መፈለግ ከጀመረች አራት ቀን ሆኗታል። ሐኪሟ ትናንት አይታት ይህ በጠቅላላ ከሰባት ቀን በላይ እንደማይቆይ፣ በዕድሜዋም ከዚህ በኋላ ማርገዟን እንደምትጠራጠር ነግራዋለች። ነጂዎቹን ሁሉ ወንድ ውሾቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ያስጠራቻቸው ለዚህ ነው። በዚህ ሳምንት ካላረገዘች ዝርያው አበቃ። የሚቀሩት እነዚህ አስራ አንዱ ናቸው፤ እነሱም ተራ በተራ ይሞታሉ።

«አንድ እንኳ» አለች ሐኪሟ፣ ቅጹን እያጠፈች። «አንድ እንኳ ያመለጠ የለም?»

«የፀጉር ቤቱ ለፍላፊ አለ እንጂ» አለ ፉጨት።

አሁን የተሳቀው ከቅድሙ ይበልጣል። አንዱ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ «እሱም ውሻ ተብሎ!» አለ።

ሐኪሟ ቅጹን መልሳ ዘረጋችው። «ዝርያው ነው?»

«ዝርያውስ ነው። እናቱ የአመዴ እህት ናት። ግን ይጮኻል።»

«ይጩህ። ተኮላሽቷል?»

ሁሉም ወደ ባለቢላው ዞሩ።

«አልተኮላሸም» አለ ባለቢላው።

«ባለቤቱ ማን ነው?»

«የሚስቴ ወንድም።»

«በጣም ጥሩ! ዘመድ ነዋ።»

ነጂዎቹ ሊበተኑ ተነሱ። ፉጨት እንኳ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

---

ባለቢላው ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በአስራ ስድስት ዓመቱ ነጂ ሆነ፤ በሃያ ሁለት ዓመቱ አባቱ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቢላውን አስረከበው። ስለቱ ከጣት አይረዝምም፤ እጀታው የበሬ ቀንድ ነው። ሥራው ደቂቃ አይፈጅም። የውሻው አፍ በጨርቅ ይታሰራል፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይይዛል፤ ሁለት ጊዜ መሰንጠቅ፣ ሁለት ጊዜ መሳብ፣ ከዚያ ጨው ያለበት ውሃ። ስንት ውሻ እንደቆረጠ አያውቅም። በእጁ የሞተ ግን የለም፤ ይህን ያውቃል።

ጭንቅላቱን የምትይዘው ሚስቱ ነበረች። መዳፏን የውሻው ዓይን ላይ ታሳርፍና ወደ ሌላ ቦታ እያየች ስለ ሌላ ነገር ታወራለች፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ። ከስምንት ወር በፊት በጉበት ሕመም ሞተች። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በየቀኑ ሄዶ አልጋው አጠገብ ባለው የብረት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀብሯ ላይ ቆሞ አፈሩ ሲመለስ አየ። ሰው ሲያለቅስ አየ። እሱ ግን ምንም አልመጣለትም። ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ቆይቶ መጠበቁንም ተወው።

ከቀብሩ ሲመለሱ ወንድሟ ሰው ፊት ደረቱን ገፋ አደረገውና «አንተ ድንጋይ ነህ» አለው። «ለውሻ እንኳ ሰው ያዝናል። ድንጋይ!» ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

የውሻው ጉዳይ ግን ከዚያ በፊት የመጣ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ድሮ ነጂ ነበር፤ አራት ዓመት ነድቷል። የነጂነቱ መጨረሻ ይሄ ለፍላፊ ነው። ውሻው የመጀመሪያ ጉዞው ላይ ድልድይ አፋፍ ደርሶ ጮኸ። ነጂ ውሻ የሚነዳው ተረከዝ ነክሶ ወዲያው በደረቱ መሬት ላይ በመለጠፍ ነው፤ ድምፅ ከብት ይበትናል። ሰባ በሬ ተበተነ። አስራ ሁለቱ በሬዎች የሰው ሽንኩርት እርሻ ውስጥ ገቡ፤ አንዱ ከድልድዩ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ባለቤቱ ይህም ሆኖ ሲኮላሽ ይረጋጋ ይሆናል ብሎ ውሻውን ወደ ባለቢላው አመጣው። ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። ባለቢላው ውሻውን አየና ቢላውን ወደ ሰገባው መለሰ።

«ለዚህ ቢላዬን አላቆሽሽም» አለ። «ወስደህ ሱቅ በር ላይ እሰረው። ደንበኛ ይቁጠርልህ።»

ሰው በሳቅ ሞተ። ሚስቱ ብቻ «ተው እንጂ» አለች። ወንድሟ በዚያው ወር ነጂነቱን ትቶ መቀስ ያዘ።

---

ሐኪሟ ከፀጉር ቤቱ ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል። ባለቢላው ግቢ ገብታ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሰውዬው እምቢ አለ። የቢሮውን ደብዳቤ አሳየሁት፤ አነበበና መስተዋት ጠረገበት።»

«ምን አለሽ?»

«ውሻዬን የሚፈልገው እሱ ከሆነ ራሱ ይምጣ አለ። መጥቶ ያኔ ያለውን እዚህ ሰው ፊት ይድገመው። ምን ብለውት ነው?»

ነገራት።

«ሦስት ቀን ነው ያለን» አለች ሐኪሟ። «ከዚያ በኋላ እኔም መምጣቴ ትርጉም የለውም።»

ስትወጣ ልጁ ከሥራ ገባች። ልብስ ስፌት ቤት ነው የምትሠራው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ተመልሳ ከእሱ ጋር ትኖራለች። ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን የክር ቁርጥራጭ እየለቀመች የሆነውን ከአፉ አወጣችው፤ ቃል በቃል እየጎተተች።

«አጎቴ ጋ ትሄዳለህ?»

«እንጃ።»

«አባዬ፣ አስራ አንዱን ስትዳብስ ምን ተሰማህ?»

አሰበ። ሊዋሻት አልፈለገም። «ምንም» አለ።

«ምንም?»

«እጄ በረደው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።»

ልጁ ክሯን መልቀሟን አቆመች። አመዴ ከቆርቆሮው ሥር ተነስታ መጥታ በር ላይ ቆመች። ጆሮዋ ተቀዷል፤ አፍንጫዋ ዙሪያ ነጭ ሆኗል። በሩን ሸተተችና ተመለሰች።

«እማዬ ብትኖር ምን ትልህ ነበር?»

«እሷ ብትኖር እሷ ትሄድ ነበር።»

«እሷ የለችማ።»

«የለችም» አለ ባለቢላው። ሰዓት ተጠይቆ እንደሚናገር ሰው ነበር ያለው። በማግስቱ ጠዋት ሸሚዝ ቀይሮ ወጣ።

---

ፀጉር ቤቱ ሦስት ወንበር አለው፤ የአንዱ መቀመጫ ተቀዶ ጋዜጣ ተከምሮበታል። ባለቢላው መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ከአግዳሚው ሥር ውሻው ጮኸ። ይህን ውሻ ስድስት ዓመት አላየውም። ሰፊ ደረት፣ አጭር እግር፣ ከዓይኑ በላይ ሁለት ቢጫ ነጥብ። ዝርያው ላይ ምንም አልጎደለም።

«ሃያ አንድ» አለ ተራ የሚጠብቅ ባለታክሲ። «ከጠዋት ጀምሮ ሃያ አንደኛው ደንበኛ ነዎት። ሲቆጥር አይሳሳትም።»

ፀጉር አስተካካዩ በመስተዋቱ ውስጥ አየው። መቀሱን አላቆመም።

«ምን ልታዘዝ?» አለ።

«ውሻውን ፈልጌ ነው።»

«እዚህ ፀጉር ነው የሚቆረጠው። ሌላ ነገር የሚቆረጠው አንተ ቤት ነው።»

ባለታክሲው ሳቁን በጋዜጣ ሸፈነ።

«እንግዲያው ፂሜን ላጨኝ» አለ ባለቢላው።

ተራው እስኪደርስ ተቀመጠ። ውሻው ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አንዱ ለፖስተኛ፣ አንዱ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ መጥቶ ሱሪውን ሸተተ። አመዴን ነበር የሚሸተው፤ ጭራው ቆመ።

ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን አንገቱ ላይ አጥብቆ አሰረው፤ ትንሽ ከሚገባው በላይ። ሳሙናውን መታ። አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጣ።

«በል» አለ።

«ምኑን?»

«ያልከውን። ቃል በቃል። እነዚህ ሰዎች አልነበሩም፤ ይስሙት።»

ባለቢላው በመስተዋቱ ውስጥ ራሱን አየ። ፊቱ ግማሽ ነጭ ነው። «ለዚህ ቢላዬን አላቆሽሽም» አለ። «ወስደህ ሱቅ በር ላይ እሰረው። ደንበኛ ይቁጠርልህ።»

ባለታክሲው ጋዜጣውን አወረደ። አሁን አልሳቀም።

«አሁንስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አሁን ከእሱ ሌላ የለም።»

«ይቅርታ መጠየቅህ ነው ይሄ?»

«እንደፈለግክ ውሰደው። ያኔ ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምንም አይኖርም ነበር። ተሳስቼ ነው ያልቆረጥኩት።»

ምላጩ ጉንጩ ላይ ወረደ። የፀጉር አስተካካዩ እጅ ጥሩ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የማይጎትት። ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ድረስ አንድ መስመር ጠረገና ምላጩን በጨርቁ አበሰው።

«ሌላ ጥያቄ አለኝ።»

«ጠይቅ።»

«እህቴን ስንቀብር ለምን አላለቀስክም?»

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነበር፤ ባለቢላው እስኪነሳለት ጠበቀ።

«አልመጣም» አለ።

«ምኑ?»

«እንባው። ቆሜ ጠበቅኩት፤ አልመጣም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«እስካሁን ነው የምልህ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ቆመ። አንድ ነገር ሊል ነበር፤ ያዘጋጀው ነገር፤ ስምንት ወር ያዘጋጀው። አላለውም። የቀረውን ጉንጭ ላጨ፣ በእርጥብ ፎጣ ጠረገ፣ ጨርቁን ፈታ።

«ቡችሎቹን አትነካም» አለ። «አንዱንም።»

«አልነካም።»

«ሰውም ቢለምንህ።»

«እሺ አልኩህ።»

«ሱቁን ሰባት ሰዓት እዘጋለሁ። ይዤው እመጣለሁ፤ አንተ አትይዘውም፤ ይነክስሃል።» ከዚያ ዞር ብሎ ለባለታክሲው ወንበሩን እያራገፈ «ጋሼ፣ በሩን ስትወጣ ዝጋው» አለ። ጋሼ ያለው ባለቢላውን ነበር። ስምንት ወር እንደዚያ አልጠራውም።

---

የመጀመሪያው ቀን አልሆነም። አመዴ ድምፅ አታውቅም። ስምንት ዓመት ከማይጮኹ ውሾች ጋር ኖራ፣ ይሄ ግቢውን ዞሮ ዞሮ ሲጮኽባት ቆርቆሮው ሥር ገብታ ጥርሷን አሳየችው። ነጂዎቹ ወሬ ሰምተው መጥተው ከአጥሩ ውጭ ተደርድረዋል።

«ምን እያላት ነው?» ይላል አንዱ።

«ደሞዙን እየነገራት ነው።»

«ታዲያ ብትሸሽ ምን ይገርማል!»

ሐኪሟ ዝም በሉ ብላ ጮኸች፤ ለፍላፊው መለሰላት። ከአጥሩ ውጭ የነበረው ሁሉ በሳቅ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ባለቢላው የውሃ ሳህን ሞላ፤ ጥላ ወደዞረበት ቦታ አዛወረው። ማምሻው ላይ ሰው ተበተነ።

በማግስቱ ሐኪሟ ማንም አይምጣ አለች። እኩለ ቀን ላይ ነበር። አራት ሰው ብቻ፤ ሐኪሟ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ልጁ፣ እሱ። ለፍላፊው ሲጠጋት አመዴ ዞራ ልትነክስ አለች።

«ጭንቅላቷን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል» አለች ሐኪሟ። «የምታውቀው ሰው።»

ባለቢላው ተንበረከከ። ክንዱን አንገቷ ሥር አሳልፎ በሌላው እጁ ዓይኗን ሸፈነ። አርባ ዓመት ሥራው በሌላኛው ጫፍ ነበር፤ ከዚህ በኩል ምን እንደሚታይ አያውቅም ነበር። የሚታየው አጥሩና የጎረቤት የውሃ ታንከር ነው። አንድ ነገር ማውራት እንዳለበት ያውቃል፤ የሚወራ ነገር አልመጣለትም።

«ጣሪያው እያፈሰሰ ነው» አለ በመጨረሻ።

«የቱ ጣሪያ?» አለች ልጁ ከኋላው።

«የጓዳው።»

«አሁን ነው እንዴ የሚታወስህ?»

ለፍላፊው መጮኹን አቆመ። ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። ሃያ ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ባለቢላው እስኪያበቃ ድረስ እጁን ከአመዴ ዓይን አላነሳም። ሲነሳ ፀጉር አስተካካዩ ብብቱን ይዞ አነሳው።

---

ሁለት ወርና ሁለት ቀን ሲሞላ፣ ጠዋት ላይ፣ አመዴ ምጥ ያዛት። እስከ አምስት ሰዓት አልወለደችም። ባለቢላው በጨርቅ ጠቅልሎ ተሸክሟት ባለታክሲው ጋ ሄደ፤ ያ የፀጉር ቤቱ ባለታክሲ። ባለታክሲው የመኪናውን ወንበር አየ፣ አመዴን አየ፣ «ይግቡ» አለ።

የቢሮው ክሊኒክ አንድ ክፍል ነው፤ የብረት ጠረጴዛ፣ መብራት፣ መስኮቱ ላይ የደረቀ ጓንት። ሐኪሟ ረዳቷ እረፍት ላይ እንደሆነች ነገረችው።

«አባባ፣ ደም አይተው ያውቃሉ፤ አይደነግጡም አይደል?»

«አልደነግጥም።»

«ሆዷን ከፍቼ የማወጣውን እየተቀበሉ በፎጣ ይሹ። አፍንጫውን ይጥረጉ። እስኪጮኽ ድረስ አይተዉት።»

አወጣችና ሰጠችው። እርጥብ፣ ሙቅ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ። አሸው። ጮኸ። ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠው። ሁለተኛው ወዲያው ጮኸ። ሦስተኛውም። አራተኛው ቆየ፤ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ጀርባውን አሸ፣ አፉን በጣቱ ከፍቶ የዘጋውን ነገር አወጣ፣ እንደገና አሸ። ክንዱ ደከመ። ሐኪሟ ቀና ብላ አይታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ባለቢላው ማሸቱን አላቆመም፤ ማቆም እንዳለበት የነገረው የለም። በመጨረሻ ቡችላው አንድ ቀጭን ድምፅ አወጣ። ካርቶኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አደረገው። አምስተኛው ሞቶ ነው የወጣው።

«አራት» አለች ሐኪሟ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «አመዴን ደም እየፈሰሳት ነው።»

ግማሽ ሰዓት ታገለች። ባለቢላው መብራቱን ያዘላት፤ ወደምትለው ቦታ አዞረላት። ሐኪሟ በመጨረሻ እጇን ከአመዴ ሆድ ውስጥ አወጣች። ጓንቷን አውልቃ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ።

«አይዞሽ ልጄ» አላት። «አርጅታ ነበር።»

«እርስዎ ግን ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ።»

እውነቱን ነበር። ኀዘን ፈልጎ አላገኘም። የካርቶኑን ክዳን አየር እንዲያስገባ በጣቱ በሳ።

አመዴን በጆንያ አድርጎ ወሰዳትና ከጓዳው ጀርባ ቀበራት። ቡችሎቹን ልጁና እሱ በጡጦ አጠቡ፤ ሐኪሟ ዱቄት ወተት ላከች፤ ልጁ ከስፌት ቤት የተረፈ ፍላኔል አምጥታ አነጠፈችላቸው። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ሲዘጋ ይመጣል። እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፣ አንዱን ቡችላ ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ ስለ ደንበኞቹ ያወራል። ባለቢላው ይሰማዋል። አንዳንዴ ይመልስለታል። ስለ እህቱ አያነሱም።

ቡችሎቹ ዓይናቸውን የከፈቱ ሰሞን ፉጨት በሌሎች ሁለት ነጂዎች ታጅቦ መጣ። ካርቶኑ ላይ ጎንበስ አለ። አንዱን አንስቶ በብርሃን አገላበጠው፣ ሆዱን አየ፣ መዳፉን ተጫነ።

«ወንድ ነው» አለ። «አጥንቱን አየህ? ይሄ መንገድ ይበላል። ለእኔ ያዝልኝ።» ከዚያ ለዓመታት እንደጠየቀው ጠየቀ። «መቼ ትቆርጠዋለህ?»

«አልቆርጠውም።»

«ሲያድግ ማለቴ ነው እንጂ።»

«ሲያድግም። ማንንም አልቆርጥም። ቢላውን ለሐኪሟ ሰጥቻለሁ።»

ፉጨት ቡችላውን እንደያዘ ቆየ። «ሳይኮላሽ እንዴት ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው?»

«ሊኖር ነው» አለ ባለቢላው።

ሦስቱ ነጂዎች ተያዩ። ፉጨት ቡችላውን መልሶ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠው፤ በጥንቃቄ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው። «አይ ጊዜ» አለና ወጣ። ሌሎቹ ተከተሉት። በሩ ላይ አንደኛው ዞሮ «ሴት አለች?» ሲል ጠየቀ። ሴት ውሻ ስለመኖሯ የጠየቀ የመጀመሪያው ነጂ እሱ ነው።

«ሁለት» አለ ባለቢላው።

አራቱም አደጉ። ነጂዎቹ ግን አልወሰዷቸውም፤ ሦስት ወር ሲሞላቸው የቢሮው መኪና መጥቶ ወደ ዝርያ ጣቢያው ጫናቸው። በሁለተኛው ዓመት ከሴቶቹ አንዷ ስድስት ወለደች። በሦስት አውራጃ ተፈልጎ ከአባቷና ከወንድሞቿ ሌላ ያልተኮላሸ ወንድ ስላልተገኘ ያስጠቋት በገዛ አባቷ፣ በለፍላፊው ነው።